መጠጥ ቤቱ ሲዘጋ ጓዳው ተከፈተ

ጊዜው ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929 (እ.ኤ.አ) ነው። በአሜሪካዋ የቺካጎ ከተማ፣ በሰሜን ክላርክ ጎዳና ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረዋል። ከደረደሯቸው መካከል የፖሊስ ልብስ የለበሱ ነበሩ። ወዲያው ተኩስ ተከፈተ። ስድስቱ እዚያው፣ ሰባተኛው ከሰዓታት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሞራን ቡድን አባላት ሲሆኑ ጥርጣሬው ያረፈው በባላንጣቸው በአል ካፖን ላይ ነበር። ሆኖም በዚህ ግድያ የተፈረደበት ሰው የለም። ሁለቱን ቡድኖች ያጋደላቸው የመጠጥ ገበያ ነበር።

ለመሆኑ መጠጥ በሕገ መንግሥት በታገደበት አገር የመጠጥ ገበያ ከየት መጣ?

እገዳው ከጃንዋሪ 17 ቀን 1920 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ አስካሪ መጠጥ መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን ከለከለ። መጠጣትን ግን አልከለከለም! ቀድሞ ገዝቶ በቤቱ ያስቀመጠ ሰው መጠጣት ይችል ነበር። ውስኪም በሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ይገዛ ነበር። እርግጥ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጠጥ ቀንሷል፤ በጉበት በሽታ የሚሞተውም ሰው አንሷል። ነገር ግን ፈላጊው ስላልጠፋ አቅራቢውም አልጠፋም።

ውድ አንባብያን፣ ወንጀሉ የተጀመረው በመትረየስ እንዳይመስላችሁ። በቺካጎ የጣሊያን ስደተኞች ሰፈር ጄና የሚባሉ ወንድማማቾች ለድሃ ቤተሰቦች የአረቄ ማውጫ ዕቃ ያድሉ ነበር። አባወራው ወይም እማወራዋ እሳቱን እየጠበቁ አረቄ ሲያወጡ በቀን 15 ዶላር ይከፈላቸው እንደነበር ይነገራል። ይህ ለስደተኛ ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ ነው። ልጆች የሚያድጉበት ጓዳ የአረቄ ፋብሪካ ሆነ። አይቶ እንዳላየ ለሚያልፈው ፖሊስም ድርሻው ይደርሰው ነበር። ከሜይ እስከ ጁላይ 1925 ባለው ጊዜ ውስጥ ከወንድማማቾቹ ሦስቱ በጥይት ተገደሉ። በኤፕሪል 1926 ደግሞ ዊሊያም ማክስዊጊን የተባለ ረዳት ዐቃቤ ሕግ በቺካጎ አጠገብ በምትገኘው ሲሴሮ መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ተገደለ። ካፖን በመጨረሻ በ1931 የ11 ዓመት እስራት የተፈረደበት በግድያ ሳይሆን ግብር ባለመክፈል ነው። እገዳው ራሱ ዲሴምበር 5 ቀን 1933 ተሻረ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በኸምር ምክንያት አሥር ዓይነት ሰዎችን መርገማቸው በቲርሚዚ ተዘግቧል። ጠጪው ብቻ አይደለም፤ ጨማቂውም፣ ተሸካሚውም፣ ሻጩም፣ ገዢውም፣ ዋጋውን የሚበላውም አሉበት። የአሜሪካ ሕግ ሰንሰለቱን ከመሐል ለመበጠስ ሞከረ፤ ጫፉን ለቀቀው። ኢስላም ግን አንድም ቀለበት አላስቀረም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ልቦችን በኢማን አዘጋጀ። ስለዚህም የክልከላው አዋጅ በመዲና ሲሰማ ሰሐቦች ፖሊስ ሳይጠብቁ ኸምራቸውን በየመንገዱ ደፉት።

እኛስ? «እኔ አልጠጣም» ብሎ ቤቱን ለግሮሰሪ የሚያከራይ አባት፣ ደመወዙ ጥሩ ነው ብሎ መጠጥ መደብር የሚቀጠር ወጣት፣ እነዚያ የቺካጎ እናቶች እሳቱን ሲጠብቁ ያሰቡትን ነው የሚያስበው፦ «እኔ የማደርገው ትንሽ ነው፤ ልጆቼን ላሳድግበት ነው።» ችግሩን አንንቀው፤ ሐላል ሥራ ማግኘት ቀላል አይደለም። ቢሆንም ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ገበያ የቆመው በእንዲህ ዓይነት ትንንሽ እጆች ላይ ነበር። ዛሬ ማታ ማዕድ ስንቀርብ ከልጆቻችን ጋር ስለ ገንዘባችን ምንጭ እንነጋገር። አላህ (ሱ.ወ) ጓዳችንን በሐላል ይሙላልን። አሚን።