«ፍጥነት መለኪያ» ስለሚለው አተረጓጐም

የአጸግብሮትን ፍጥነት ለመለካት የሚያገለግለውን የቤተ ሙከራ ዕቃ «ፍጥነት መለኪያ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የመኪና ዕቃ ቢቀርብለት አይደንቅም። የመኪና ፍጥነት በጊዜ የተሄደ ርቀት ነው፤ የአጸግብሮት ፍጥነት ግን በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የንጥረ ነገር መጠን በየሴኮንዱ የሚያሳየው ለውጥ ነው። «ፍጥነት» የሚለውን ቃል አልነቅፍም፤ ችግሩ «መለኪያ» ሲጨመርበት ነው።

ዕቃው የሚመረጠውም የሚሰየመውም ከሚታየው ለውጥ ነው። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ዳቦ የምትጋግር እናት የቡኮውን ፍጥነት የምታውቀው ሊጡ ኩፍ ሲል፥ ማለት ጋዝ ይዘቱን ሲያሳድገው አይታ ነው። ኖራ ድንጋይ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሟሟ የሚወጣው ጋዝ ከተሰበሰበ «የጋዝ ስሪንጅ»፥ አምልጦ ክብደት ከቀነሰ «ሚዛን» ይበቃል፤ ቀለም ለሚለውጥ ውሁድ «ቀለም መለኪያ» እንላለን። የሩጫ ሰዓት ለሁሉም ስለሚያስፈልግ በየስሙ «ጊዜ»ን መጨመር አያሻም።