ከፍሳሽ ኀይል ስለማውጣት የሚነገረው አማርኛ

«ሱዌጅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ «ፍሳሽ» ተብሎ ይተረጐማል። ይህ አተረጓጐም በማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ላይ ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ ጐልቶ የሚታየው ስለ ባዮጋዝ የሚያስረዳ መመሪያ ለገበሬ ሲተረጐም ነው። ፍሳሽ ከጣራ የወረደ ዝናብም፣ የልብስ እጣቢም፣ ከሽንት ቤት የሚወጣውም ነውና «ፍሳሹ ወደ ጉድጓዱ ይግባ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ሳሙናና በረኪና ያለበትን ውሃ ቢለቅበት ጥፋቱ የአንባቢው ሳይሆን የተርጓሚው ነው። በረኪናው ጋዙን የሚያስገኙትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ የዝናቡም ውሃ ድብልቁን ከሚገባው በላይ ያቀጥነዋል።

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። እበት ወይም ዓይነ ምድር ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ አየር በማይገባው ጉድጓድ ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያዎች ይፈታቱትና ሚቴን የሚበዛበት ጋዝ ይወጣል፤ ከጠቅላላው ጋዝ ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ሚቴን፣ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በአገራችን ይህ ዘዴ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተሞከረው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል ወደ ገበሬው ቤት አስገብቶታል። ከኔፓል መጥቶ ለአገራችን እንዲስማማ የተሻሻለው የጉድጓድ ዓይነት «ስንዱ» የሚል ስም ወጥቶለታል። መልካም ስያሜ ነው፤ ማንም ሳያስረዳው የሚገባው ቃል ነውና።

የሌሎቹን ቃላት ጉዳይ በአንድ አካባቢ ላይ አድርገን ብንመለከተው ይሻላል። በአማራ ክልል ካሉት ዞኖች አንዱ የሆነውን አዊን፣ በተለይም ዳንግላንና እንጅባራን እንውሰድ። ከብት የሚረባበት አገር ነው፤ በፈረሰኞቹም ማኅበር የታወቀ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ደግሞ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ ከሰል ያከስላል። እንግዲህ ከእንስሳት የሚወጣው ሁሉ በእንግሊዝኛው መመሪያ አንድ ቃል ቢሆንም አማርኛው ግን ለየብቻ ሰይሞታል፦ የከብቱ እበት፣ የፈረሱና የአህያው ፋንድያ፣ የበጉና የፍየሉ በጠጥ፣ የዶሮው ኩስ። በበረት ውስጥ ከሽንት ጋር የተለወሰው እርጥቡ እበት አዛባ ይባላል፤ ተጠፍጥፎ ደርቆ የሚነደው ኩበት ነው። ወደ ጉድጓዱ የሚገባው እበትና አዛባ እንጂ ኩበት አይደለም። ይህን ልዩነት ተርጓሚው ቢያጠፋው ከገበሬው ያነሰ ዕውቀት ይዞ ገበሬውን ሊያስተምር ነው ማለት ነው። ኩበት ሲነድ ማዳበሪያነቱ አብሮ ይጠፋል፤ እበቱ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ግን ጋዙ ለምድጃ፣ የቀረው ለማሳ ይሆናል።

በጉድጓዱ ውስጥ የሚፈጸመውን ተግባር አንዳንዶች ከሥነ ሕይወት መማሪያ መጻሕፍት ወስደው «ስልቀጣ» ይሉታል። እኛ «ማብላላት» የሚለውን እንመርጣለን፤ ጉድጓዱም «ማብላያ» ይሁን። ጠላ የጠነሰሰች ወይም ሊጥ ያቦካች ሴት መብላላት ምን እንደሆነ፣ ብርድም እንደሚያዘገየው ታውቃለች። ባክቴሪያዎቹ ይበልጥ የሚሠሩት በ35 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ከፍ ባለውና በብርዳማው እንጅባራ ማብላያው ዝቅ ካለው ዳንግላ ይልቅ ይዘገያል። «ስልቀጣ» የሚለው ቃል ይህን ለማስረዳት ሌላ አንድ አንቀጽ ይፈልጋል።

«ጋዝ» የሚለውም ቃል የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ቤት ጋዝ ማለት በኩራዝ የሚነደው ላምባ ነው። «የእበት ጋዝ» ብንል አድማጩ በጠርሙስ የሚቀዳ ነገር ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ባዕድ ቢሆንም «ባዮጋዝ» ይቆይ እንላለን።

ከሁሉ የሚከብደው ስለ ሰው የሚነገረው ነው። አማርኛችን በዚህ ረገድ ጨዋ ነው፤ «ሽንት ቤት» ስንል እንኳ ግማሹን ብቻ ጠርተን ሌላውን እንሸፍናለን። «ሰገራ» የሐኪም ቤት ቃል ሆኗል፤ «እዳሪ» ይሰድባል፤ «ዓይነ ምድር» ይከብራል። በሩዋንዳ እስር ቤቶች የእስረኞች ዓይነ ምድር ምግብ እንዲያበስል ተደርጎ፣ ሥራውን የመራው የኪጋሊ ተቋም በ1997 ዓ.ም. የአሽደን ሽልማት አግኝቶበታል። በአንድ ቤተሰብ ደረጃ ግን ሽንት ቤት ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ሰው በቀን የሚያስገኘው ጋዝ ከ25 እስከ 40 ሊትር ገደማ ስለሆነ የአምስት ሰው ቤት አንዱን ምድጃ አንድ ሰዓት እንኳ አያነድም። አንድ ኪሎ እበት ወደ 40 ሊትር ስለሚሰጥ ዋናው ከብቱ ነው፤ ሽንት ቤቱ ተጨማሪ ነው። በዚህ ላይ በሽንት ቤት ጋዝ ቡና ማፍላትን የሚጸየፍ ሰው አለ፤ ጽያፌውን በለሰለሰ ቃል ከመሸፈን ይልቅ ነበልባሉ ዓይነ ምድሩን እንደማይነካ መንገር ይሻላል።

ጨዋነቱ አደጋ የሚሆነው ከማብላያው በሚወጣው ነገር ላይ ነው። «ባዮስለሪ» እየተባለ የሚጻፈውን አንዳንዶች «ዝቃጭ» ብለውታል፤ ዝቃጭ ግን ከታች የሚቀረው ነው። «አተላ» የሚለውም ለመናቅ ያመቻል። እበት ብቻ ከገባበት «የተብላላ ፍግ» ይበቃዋል። ሽንት ቤት ከተያያዘበት ግን በዚያው ስም መጥራት አይገባም፤ የወስፋት እንቁላል መብላላቱን ችሎ በሕይወት ሊወጣ ስለሚችል በጥሬው ለሚበላ አትክልት አይሆንም፤ አስቀድሞ ከደረቅ ነገር ጋር ተከምሮ መቆየት አለበት። እኛ «ዓይነ ምድር ያለበት ፍግ» እንላለን። ስሙ አያምርም፤ ነገር ግን ጎመን የምትተክለውን ሴት ያስጠነቅቃል።

በአዊ ደግሞ ሌላ ሥራ ይቀራል። አውኚ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ነው። ይሁንና ከአማርኛው በተወሰዱ ቃላት ብቻ ለአውኚ ተናጋሪ መመሪያ ማዘጋጀት የለብንም፤ ለበረቱ፣ ለእበቱና ለመብላላቱ አውኚው ምን እንደሚል እንጅባራ ገበያ ውስጥ ካሉ እናቶች መጠየቅ ይቀድማል፤ የአማርኛው ዝርዝር ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ይቀመጥ።