የሮሌክስ አምሳያ ለምን ይጠቅመናል?

ልጅ ሲመረቅ ወይም ሥራ ሲይዝ ሰዓት መስጠት የብዙዎቻችን ወግ ነው። ከጀዊ ወደ ጋምቤላ ከተማ ሄዶ ሰዓት የሚመርጥ ወላጅ ወይም አያት ግን «ይቺ ሮሌክስ የምትመስለው ትሆናለች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የዚያ መልክ ባለቤት ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1953 ለጠላቂ ዋናተኞች የሠራው ሰብማሪነር ነው። ፊቱ ጥቁር ነው፤ ዙሪያውን ደቂቃ የተጻፈበት የሚሽከረከር ቀለበት አለው። በ1962 ሾን ኮነሪ «ዶክተር ኖ» በተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ አስሮት ታየ። ዛሬ ዋጋው ለደመወዝተኛ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ሌሎች ድርጅቶች የጥንቱን መልክ ተከትለው በራሳቸው ስም፣ አቅምን ያገናዘበ ሰዓት ይሠራሉ፤ ኢንቪክታ ፕሮ ዳይቨር አንዱ ነው። አንዳንዶቹማ ያረጀ እንዲመስል ነጥቦቹን ቅቤ ቀለም ይቀቧቸዋል።

በራሱ ስም የተሠራ አምሳያ ነውር የለበትም። ነውሩ «ሮሌክስ» የሚል ስም የተለጠፈበት ፎርጅድ ነው። በስሙ የዋሸ ሰዓት ውስጡም አያስተማምንም።

በነርስነት ሳገለግል ከሰዓት የምፈልገው በግልጽ የሚታይ የሰከንድ ቆጣሪ ነበር። ለእናንተም ይጠቅማል። ልጅ ሲያስለው ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ደረቱ ወይም ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያላችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አተነፋፈሱ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ቁጥሩ ባይደርስም ልጁ መጥባት ካቃተው ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ አትጠብቁ።

ቀለበቱም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ኦአርኤስ ጠጥቶ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ ቀስ እያሉ እንደገና መስጠት ነው። የቀለበቱን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ትይዩ አድርጉት፤ ቆጣሪው ቀለበቱ ላይ 10 ሲደርስ ጊዜው ሞላ ማለት ነው።

ስትገዙ የሰከንድ ቆጣሪው ሳይቆራረጥ መሄዱን፣ ቀለበቱም የማይንሸራተት መሆኑን እዩ። «30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ርጭት ይችላል ማለት እንጂ ለዋና አይደለም፤ ለዋና ቢያንስ 100 ሜትር የሚለውን ምረጡ። በጋምቤላ ሙቀት የቆዳ ማሰሪያ በላብ ቶሎ ስለሚበላሽ በሳሙና የሚታጠብ ናይለን ወይም ጎማ ይሻላል።

አውቶማቲክ ሰዓት በእጅ እንቅስቃሴ ስለሚሞላ ባትሪ የለውም። የባትሪ ከሆነ ግን አሮጌዋን ክብ ባትሪ ቤት ውስጥ አትጣሉ። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮውን ልታቃጥለው ትችላለችና፣ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሩጡ።