«ልብ» እና «ሌቭ»፦ ሕመምን ለሐኪም ስለ መግለጽ

አማርኛና ዕብራይስጥ ሁለቱም የሴም ቋንቋዎች በመሆናቸው ብዙ የሚቀራረቡ ቃላት አሏቸው። ደም በዕብራይስጥ «ዳም»፣ ዐይን «አይን»፣ ነፍስም «ኔፌሽ» ይባላል። ይህ ዝምድና ቋንቋውን ለሚማር አዲስ ገቢ ትልቅ እርዳታ ነው። በሐኪም ፊት ግን ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ጥንድ አለ፤ እርሱም የእኛ «ልብ» እና የዕብራይስጡ «ሌቭ» ነው።

ሁለቱም ደም የሚረጨውን የአካል ክፍል ያመለክታሉ፤ ልዩነቱ ያለው በአነጋገር ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ከጨጓራ ወደ ላይ የሚወጣውን ቃር ማለቱ ነው። «ልቤን አመመኝ» ሲል ደግሞ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀት፣ ናፍቆት ወይም ኀዘን ሊሆን ይችላል። ዕብራይስጥ ተናጋሪም በቤቱ ጨዋታ ኀዘኑን በ«ሌቭ» ይገልጻል። በምርመራ አልጋ ላይ «ኮኤቭ ሊ ሃሌቭ» ሲባል ግን ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያስበው የልብን በሽታ ነው፤ ማሰቡም ተገቢ ነው።

በሻአሪያም ሆነ በሌላ ሰፈር ብዙውን ጊዜ ወደ ክሊኒክ አስተርጓሚ ሆኖ የሚሄደው ልጅ ነው። ልጁ የእናቱን «ልቤን» ሰምቶ ሳያመነታ «ሌቭ» ይላል፤ ቃል በቃል ሲታይ አልተሳሳተም። «ኤካጌ» የተባለው የልብ ምርመራ ይታዘዛል፤ ውጤቱ ደኅና ይሆናል፤ እናቲቱም «ምንም የለብዎትም» ተብለው ይመለሳሉ። በጎንደር ስለ ቀሩት ወንድማቸው ሌሊት ሌሊት የሚያብሰለስላቸው ኀዘን ግን ሳይነገር ይቀራል። እናት እንዲህ ያለውን ነገር በልጇ አፍ ማስተርጎም አትወድምና፣ ልጅን ለዚህ ሥራ ማሰለፍ ለሁለቱም ሸክም ነው ብዬ አምናለሁ።

ተቃራኒው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። እውነተኛ የልብ ሕመም የያዘው ሰው «ቃር ነው፤ ያልፋል» ብሎ ቤቱ ሊቀመጥ ይችላል። በደረት መካከል የሚጫን ወይም የሚያጨንቅ ስሜት፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚዛመት ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር የልብ ድንገተኛ ሕመም ምልክቶች ናቸው። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ዘንድ ብርቱ የደረት ሕመም ሳይኖር በማቅለሽለሽ ወይም በከባድ ድካም ብቻ ሊገለጥ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቃል ሲመርጡ ጊዜ አያጥፉ፤ አውቶቡስ ጠብቀው ወደ ቤይሊንሰን ሆስፒታል ለመሄድም አይሞክሩ። በ101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ደውለው «ላኻጽ ባኻዜ» ይበሉ፤ ትርጉሙ «ደረቴን ይጫነኛል» ማለት ነው።

አስቸኳይ ባልሆነ ጊዜ ግን «ሌቭ» የሚለውን ቃል ትተው የሚያምዎትን ስፍራ በእጅዎ ያሳዩ። ደረት «ኻዜ»፣ ቃር «ጻሬቬት»፣ ሆድ «ቤቴን» ይባላል። (የመጨረሻው ቃል «መኖሪያ ቤቴን» ያሉ ያህል ስለሚሰማ ልጆች ይስቁበታል፤ ለማስታወስ ግን ይረዳል።) ኀዘን ከሆነ ወንድ «አኒ አጹቭ»፣ ሴት «አኒ አጹቫ» ይላሉ። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ከምግብ በኋላ ወይስ ደረጃ ሲወጡ እንደሚብስ፣ ሲያርፉ ይተው እንደ ሆነ መንገርም ከማንኛውም የአካል ስም ይልቅ ሐኪሙን ይረዳዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙ ስለ ሕክምናው በሚገባዎት መንገድ እንዲያስረዳዎ ያዝዛል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ከሕመምተኛው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ አስቀድመው አስተርጓሚ ይጠይቁ። ዕብራይስጡ «ሜቱርጌማን» ይለዋል፤ «ተርጓሚ» ከሚለው ቃላችን ጋር የሚዛመድ ነው፤ ትርጉሙም በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ነው። ወንድ «አኒ ጻሪኽ ሜቱርጌማን ለአምሃሪት»፣ ሴት «አኒ ጽሪኻ ሜቱርጌማን ለአምሃሪት» ይበሉ።