ለጎርጎራ ዳርቻ የምትሆን የጎማ ጀልባ

ትልቅ ጀልባ ያለው ሰው ትንሽ ጀልባም ያስፈልገዋል። ባሕር ላይ በሸራ የሚጓዙ ሰዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። የሸራ ጀልባ ነፋስ እንዳይገለብጠው ከሆዱ ሥር ቁልቁል የወረደ ከባድ ክንፍ አለው፤ በዚህ ምክንያት ዳር ድረስ መጠጋት አይሆንለትም። መልሕቁን ራቅ አድርጎ ይጥላል፤ ሰውን፣ የሚጠጣውን ውሃና አስቤዛውን ወደ መሬት የምታመላልሰው ሌላ ትንሽ ጀልባ ናት። ዛሬ ይህን ሥራ በአብዛኛው የያዘችው በአየር የምትነፋው የጎማ ጀልባ ናት።

ጣና ላይ የሸራ ጀልባ ብርቅ ነው፤ የማመላለሱ ጣጣ ግን አለ። ከጎንደር ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር የተቀመጠችው ጎርጎራ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ወደብ አላት፤ ከባሕር ዳር በደቅ ደሴት በኩል የሚመጣው የመንገደኞች ጀልባም ለረጅም ዓመታት የደረሰው እዚያው ነው። ከወደቡ ወጣ ሲሉ ግን ዳርቻው ወይ ስለታም ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ወይ በደምቢያ በኩል ዝርግ ጭቃ። ሐይቁ ራሱ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጠለቀ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። በ«ገበታ ለሀገር» የተሠራው የጎርጎራ መዝናኛ እንግዳ ሲበዛለት ባለ ሞተር ጀልባውም መብዛቱ አይቀርም፤ ያኔ አመላላሽ የሚፈልግ ሰው ይኖራል።

ለዚህ ሥራ በጣና ቀድማ የተገኘችው ታንኳ ናት። የደንገል እስር ስለሆነች የምትቀደድበት ከረጢት፣ የሚያመልጣት አየር የላትም። ባለቤቷ ጉዞውን ሲጨርስ ከውሃ ያወጣታል፤ ማውጣትም ግዴታው ነው፤ ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ፀሐይ ላይ ካልደረቀች እየከበደች ትሄዳለች፤ ደርቃም ቢሆን በወራት ውስጥ በስብሳ በአዲስ ትተካለች። በእጅ ጥበቧ ስማቸው የሚነሣው የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» ያላትን የደንገል መርከብ ሲያሠራ ደንገሉ የመጣው ከጣና ነበር። የመጀመሪያዋ «ራ» ውቅያኖስ ላይ ተፈታትታ ተተወች፤ ሁለተኛዋ በ1970 ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ከዚያ 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1952፣ ፈረንሳዊው ሐኪም አላን ቦምባር በጎማ ጀልባ ብቻውን ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ በ65 ቀን የደረሰው እዚያው ባርቤዶስ ነው። ደንገልም ጎማም አትላንቲክን ተሻግረዋል፤ ታንኳን የኋላ ቀር ዕቃ አድርጎ የሚንቅ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

የጎማ ጀልባ አቅሟ ክፉኛ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ የእኛው ዓባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የመራው የእንግሊዝ ጦር ቡድን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ ወንዙን ወረደ። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ካለው ድልድይ በታች ሠራዊቱ የሚጠቀምባቸውን ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ጀልባዎች አሰማሩ። በላይኛው፣ ድንጋይና ፏፏቴ በበዛበት ክፍል ግን የመረጡት «ሬድሻንክ» የምትባለውን የጎማ ጀልባ ነው። ርዝመቷ 3.6 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዌልስ ውስጥ ኤቮን የተባለ ኩባንያ ለመዝናኛ መርከቦች አመላላሽነት የሚሸጣት ዓይነት ነበረች። ጀልባዎቹ ተገለበጡ፣ ከድንጋይ ጋር ተላተሙ፣ ግን ተመልሰው ተንሳፈፉ። ከቡድኑ አባላት ኮርፖራል ኢያን ማክሊዮድ የሞተው ገባር ወንዝ በገመድ ሲሻገር ነው። ከዚህ በኋላ የአገራችን ወንዞች የጎማ ጀልባ ተላመዱ፤ የሰሜንን ተራሮች ታክኮ የሚያልፈው ተከዜም እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስ ቡድን የተወረደው በዚሁ ነው።

ወንዝ ያልጣላትን ጀልባ ግን ፀሐይ ይጥላታል። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጨርቁ መሆን አለበት። ርካሾቹ ከፒቪሲ የተሠሩ ናቸው፤ ስፌታቸው በሙቀት የተበየደ፣ ክብደታቸው ቀላል፣ ዕድሜያቸው ግን ጠንካራ ፀሐይ ባለበት አጭር ነው። ውዶቹ ሃይፓሎን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠሩ ናቸው፤ ፀሐይንም ቤንዚንንም በደንብ ይችላሉ። 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ሐይቅ የሚወርደው ፀሐይ ከባሕር ጠረፉ ይበረታል። ስለዚህ ገንዘቡ ካለ ሃይፓሎን፤ ከሌለ ፒቪሲ ገዝቶ ከላይዋ ሽፋን ማልበስና ሥራ ስትፈታ ጥላ ሥር ማሳደር ነው። የጥገና ነገርም እዚሁ ይነሣል። ጎንደር ጎሚስታ ሞልቷል፤ ነገር ግን ለመኪና ካላማዳሪ የሚቀባው ማስቲሽ ፒቪሲ ላይ አይቆይም። ፒቪሲም ሃይፓሎንም የየራሳቸው ሁለት ተደባላቂ ያለው ማጣበቂያ አላቸው፤ ከጀልባዋ ጋር አብሮ ያልተገዛ ማጣበቂያ በኋላ ይገኛል ብሎ መተማመን አይገባም።

ሁለተኛው ወለሉ ነው። በእንጨት ርብራብ የተሠራው ወለል እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል፤ ሲቆሙበት ግን ይዋዥቃል። በአየር የሚጠነክረው ወለል ቀላል ነው፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከጎኖቿ በእጥፍና ከዚያም በላይ በሆነ ግፊት ስለሆነ ጥሩ ፓምፕ ይፈልጋል። የጣውላው ወለል ከባድ ነው፤ ግን ሽማግሌም ቢሳፈር፣ ጆንያም ቢጫን አይንቀሳቀስም። ከሁሉም የሚከብደው ሆዱ ደረቅ፣ ጎኑ ብቻ የጎማ የሆነው ነው። ይህ ዓይነት ዌልስ ውስጥ አትላንቲክ ኮሌጅ በተባለ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ ተሻሽሎ ወጥቶ ዛሬ የዓለም የነፍስ አድን ጀልባ ሆኗል። ፍጥነቱ ያማልላል፤ አይታጠፍም፤ ጎርጎራ ድንጋይ ላይ የሚጎትተው ጠንካራ ሰውም ይፈልጋል። 2.7 ሜትር የሆነች ተጠቅላይ ጀልባ 30 ኪሎ ገደማ ናት፤ ሁለት ሰው ያነሣታል፣ በታክሲ ጣሪያም ትሄዳለች።

ስለ ሞተር ሻጭ የማይነግርዎ አንድ ነገር አለ። በ1,800 ሜትር አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ጣና ላይ ሲደርስ አንድ አምስተኛ ሊሞላ ምንም አይቀረው። 5 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ጣና ላይ 4 ነው። ከዚያ በላይ ትልቅ ሞተር ማንጠልጠል ግን የጀልባዋን ጀርባ ያሰምጣል፤ ከኋላዋ የተለጠፈው ሰሌዳ ከፈቀደው አይለፉ። እምቦጭም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሐይቁን ሰሜናዊ ዳር ያስጨነቀው ይህ አረም የሞተሩን ሽክርክሪት ጠምጥሞ ያቆማል። ያኔ የሚያወጣው መቅዘፊያ ነው፤ ደህና መቅዘፊያ የሌላትን ጀልባ ሞተሯ ምንም ቢያምር አይግዟት። የጉማሬ ነገር ደግሞ ከየትኛውም ጀልባ ምርጫ በላይ ነው፤ ከሩቅ አይቶ መመለስ ብቻ።

አየሩ ራሱ ባሕርይ አለው። ጎርጎራ ላይ ጠበቅ አድርገው ነፍተው ወደ ጎንደር ቢወጡ የውጩ አየር ስለሚሳሳ ጀልባዋ የባሰ ትወጠራለች፤ ወደ ሊማሊሞ ከሆነ ጉዞው ጭራሽ ተንፍሳ ትጫን። የቀኑ ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ በማለዳ ብርድ ልክ የነበረው ግፊት እኩለ ቀን ላይ ስፌት ሊያስጨንቅ ይችላል። ቀትር ላይ ትንሽ ያስተንፍሷት፣ ማታ ይሙሏት።

ለጎርጎራ የኔ ምርጫ 3 ሜትር ያልሞላች፣ የጣውላ ወለል ያላት፣ ሦስት የአየር ክፍል የተለየላት የሃይፓሎን ጀልባ፣ ከ4 እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ሞተርና ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት ነው። አየር ክፍሎቿ ሁለት ብቻ ከሆኑ አንዱ ሲተነፍስ ግማሿ ጀልባ ትሄዳለችና ይቅርብኝ እላለሁ። ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊት ያስነፏት፣ ቫልቮቿ ላይ የሳሙና ውሃ ያፍሱ፣ አንድ ሌሊት አሳድረው ጠዋት በእጅዎ ይጫኗት። ሁሉም ጎኗ እኩል ከለሰለሰ የሌሊቱ ብርድ ነው፤ አንዱ ጎን ብቻ ከለሰለሰ ግን ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።