በራዲዮ የሚነዱ ትላልቅ ድንጋይ ወጭ ሞዴል መኪናዎች፤ ለአስመጪና ለባለ ሱቅ የሚጠቅም ማብራሪያ

በራዲዮ ከሩቅ የሚነዳ ሞዴል መኪና በዓለም ገበያ ከታወቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። የጃፓኑ የታሚያ ፋብሪካ የመጀመሪያውን በራዲዮ የሚነዳ መኪናውን ለሽያጭ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተፈጠሩት ዐይነቶች አንዱ «ሮክ ክሮለር» የሚባለው ድንጋይ ወጭ መኪና ነው። ይህ መኪና ለእሽቅድምድም የተሠራ አይደለም፤ ሙያው ቀስ እያለ ቋጥኝና ገደላገደል መውጣት ነው። ገዥዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ሳይሆኑ ዐዋቂዎች ስለ ሆኑ፣ ዕቃውን የሚመረምሩት በመጫወቻ ዐይን ሳይሆን በመኪና ዐይን ነው። ከዚህ ሸቀጥ ውስጥ መጠኑ ከፍ ያለውን ዐይነት ለማስመጣት ወይም በሱቁ ለማስቀመጥ የሚያስብ ነጋዴ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

መጠንና ክብደት

የሞዴል መኪና መጠን የሚነገረው ከእውነተኛው መኪና ጋር በማመዛዘን ነው። በብዛት የሚሸጠው አንድ አሥረኛ የሚባለው መጠን ነው። ለምሳሌ ባለ አራት በሩ የጂፕ ራንግለር መኪና፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በተሠራው ዐይነቱ፣ ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት 3,008 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህ በአንድ አሥረኛ ሲታሰብ 301 ሚሊሜትር፣ በአንድ ስድስተኛ ሲታሰብ ደግሞ 501 ሚሊሜትር ይሆናል። አክሲያል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 በዚሁ ጂፕ አምሳል አንድ ስድስተኛ የሆነ መኪና ለገበያ አቅርቧል፤ በወጣበትም ጊዜ ዋጋው በአሜሪካ 1,000 ዶላር ያህል ነበር።

ብዙ ነጋዴ ትልቁ መኪና ትንሹ ተለጥጦ የተሠራ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከአንድ አሥረኛ ወደ አንድ ስድስተኛ ሲታደግ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው እያንዳንዳቸው 1.67 ጊዜ ያድጋሉ። በዚህም ምክንያት ክብደቱ 4.6 ጊዜ ያህል ይጨምራል። ሦስት ኪሎ የነበረው፣ በዚያው ዕቃና በዚያው ውፍረት ልክ ቢያድግ፣ ወደ 14 ኪሎ ይደርሳል ማለት ነው። ክብደቱን የሚሸከመው የብረቱና የፕላስቲኩ ስፋት ግን የሚያድገው 2.8 ጊዜ ብቻ ነው። ጎማውም ስለሚተልቅ፣ ያንኑ ዳገት ለመውጣት በጎማው ላይ የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ኃይል 7.7 ጊዜ ያህል ከፍ ይላል። ፋብሪካዎች ክብደቱን በልዩ ልዩ ዘዴ ስለሚቀንሱ ቁጥሩ በተግባር ሙሉ በሙሉ ባይደርስም፣ የትልቁ መኪና ችግር ሁሉ ምንጩ ይኸው ነው። በትንሹ መኪና ዓመት ሙሉ የሚያገለግል ዐይነት ጥርስ በትልቁ ላይ ቶሎ ሊሰበር ይችላል።

ሲመረጥ የሚታይ

ስለዚህ መራጩ ከላዩ ቀለምና ከካሮሴሪያው ማማር በፊት ከሥር ያለውን መመርመር አለበት። በመጀመሪያ የሚታዩት ኮሮናና ፒኞን፣ ትራንስሚሲዮንና ክሮቼራ ናቸው። እነዚህ ከብረት የተሠሩ መሆናቸው፣ የሚዞሩበትም ቦታ ሁሉ ኩሽኔታ ያለው መሆኑ ይረጋገጥ። ዲፈረንሻሉ የተቆለፈ ሊሆን ይገባል፤ አለዚያ አንዱ ጎማ ከድንጋይ ላይ በተነሣ ጊዜ ኃይሉ ሁሉ በአየር ላይ ወደሚዞረው ጎማ ሄዶ መኪናው ባለበት ይቀራል። አንዳንድ ፋብሪካዎች በየጎማው አጠገብ ተጨማሪ ጥርስ ያስገባሉ፤ ትራክሳስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው አንድ አሥረኛ መኪና እንዲህ ያለ ነው። ይህ አሠራር የመኪናውን ሆድ ከመሬት ከፍ ከማድረጉም በላይ በትራንስሚሲዮኑ ላይ የሚያርፈውን ጭንቀት ይቀንሳል።

ሁለተኛው መሪው ነው። መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ የሚባለው ትንሽ ሞተር ነው፤ ሥራውም በድንጋይ መካከል የተቀረቀረ ጎማን መኪናው ቆሞ ሳለ ማዞር ነው። ደካማ ሰርቮ በትልቅ መኪና ላይ ከተገጠመ ይግላል፤ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ገዥው መኪናውን አንሥቶ በአየር ላይ መሪውን ቢሞክር ምንም አይገልጽለትም። በሸካራ መሬት አስቀምጦ፣ የፊት ጎማውን ከድንጋይ አስጠግቶ መሞከር ይኖርበታል።

ሦስተኛው ሞተሩና ካምቢዮው ነው። በዚህ መኪና የሚፈለገው ፍጥነት ሳይሆን ዝግታ ነው። ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ የሚዞርበት አሠራር በዚህ ዐይነት መኪና የተለመደ ነው። ሞተሩ ካርቦን የሌለው ከሆነ ሴንሰር ያለው ይመረጥ፤ ሴንሰር የሌለው በዝቅተኛ ፍጥነት ሲነሣ ይንገጫገጫል። የፍጥነት መቆጣጠሪያውም ነጂው እጁን ከመምሪያው ባነሣ ጊዜ መኪናውን በቁልቁለት ላይ ይዞ የሚያቆም ሊሆን ይገባል።

በመጨረሻ ጎማውና የክብደቱ አቀማመጥ ይታያል። ጎማው ለስላሳ ጎማና ውስጡ ስፖንጅ ያለው ቢሆን ድንጋይ ይጨብጣል። ቸርኬው ጎማውን በማጣበቂያ ሳይሆን በቀለበትና በብሎን የሚይዝ ከሆነ ያለቀውን ጎማ ለመለወጥ ይመቻል። ክብደቱ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ማድላት አለበት። ይህንንም ለማወቅ የፊቱን ጎማዎች በአንድ ሚዛን፣ የኋላውን በሌላ ሚዛን ላይ ማቆም ነው፤ የፊቱ ከግማሽ በላይ ካልመዘነ መኪናው በዳገት ላይ ወደ ኋላው ይገለበጣል።

ገጣጥሞ መሥራት

ያለቀውን ከመግዛት ይልቅ መገጣጠምን የሚመርጡ ገዥዎች አሉ። ይህ ልማድ የቆየ ነው። ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1987 «ክሎድ በስተር» የተባለውን መኪና ሲያወጣ የፊቱንም የኋላውንም ዲፈረንሻል በየራሳቸው ሞተር ስላሠራቸው፣ የአሜሪካ ሠሪዎች እነዚህን ክፍሎች እያወጡ የራሳቸውን ድንጋይ ወጭ ይሠሩባቸው ነበር። ዛሬም ለሚሠራ ሰው ሥርዓቱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ዲፈረንሻሉንና ጎማውን፣ ቀጥሎ ካምቢዮውንና ሻንሲውን፣ ከዚያ ሞተሩንና ሰርቮውን፣ ካሮሴሪያውን በመጨረሻ መምረጥ ነው። ከካሮሴሪያው የጀመረ ሰው ሌላውን ሁሉ በልኩ ለማስገባት ሲል ደካማ ዕቃ ለመግዛት ይገደዳል። ዕቃውን በየጥቂቱ የሚገዛ ሰው ድምሩ ካለቀው መኪና ዋጋ ሊበልጥ እንደሚችል ባለ ሱቁ አስቀድሞ ቢነግረው ደንበኝነቱ ይጸናል።

ማስመጣትና ማስቀመጥ

መኪናው ብዙ ጊዜ ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር ስለሚሸጥ የዋጋ ማቅረቢያው በጥንቃቄ ይነበብ። ባለ ሦስት ሴል የሊቲየም ባትሪ 11.1 ቮልት ነው፤ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ከያዘ ጉልበቱ 55.5 ዋት ሰዓት ይሆናል። ብቻቸውን የሚላኩ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነትነት እንዳይላኩ ተከልክለዋል፤ በጭነት አውሮፕላንም ሲላኩ ከ30 በመቶ በላይ መሞላት የለባቸውም። ስለዚህ ባትሪው በምን መንገድና በማን ኃላፊነት እንደሚመጣ ከላኪው ጋር በጽሑፍ መዋዋል ያስፈልጋል። በመጋዘን ለብዙ ጊዜ የሚቆይ ባትሪም ሙሉ ሆኖ አይቀመጥ፤ ለእያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት ያህል ይበቃዋል።

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ሞዴል መኪና በአንቀጽ 95.03፣ ለብቻው የሚመጣ ባትሪ በአንቀጽ 85.07 ይመደባል። መምሪያው የራዲዮ መሣሪያ በመሆኑ፣ ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት የአገሩ የመገናኛ ባለሥልጣን ስለ ፈቃዱ ይጠየቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ ሳይጣራ የታዘዘ ዕቃ በጉምሩክ መጋዘን ሲከርም የነጋዴውን ገንዘብ አብሮ ያስራል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው መለዋወጫ ነው። ከላይ እንደተገለጸው የትልቁ መኪና ክብደት ከአካሉ ጥንካሬ ይቀድማል፤ ስለዚህ አንድ ቀን መሰበሩ አይቀርም። የአንድ አሥረኛው መኪና ዕቃም በአንድ ስድስተኛው ላይ አይገጥምም። 1,000 ዶላር አውጥቶ የገዛ ደንበኛ አንድ ፒኞን አጥቶ መኪናው ከመደርደሪያ ላይ ሲውል፣ የሚያማርረው ፋብሪካውን ሳይሆን የሸጠለትን ሰው ነው። በዚህ ምክንያት የአሥር መኪና ገንዘብ ያለው አስመጪ ስምንት መኪና አምጥቶ የሁለቱን ዋጋ ለኮሮናና ፒኞን፣ ለትራንስሚሲዮን፣ ለሰርቮ፣ ለኩሽኔታና ለጎማ ቢያውለው ይሻለዋል። ስምንቱን የገዙት ሰዎች ለመለዋወጫ ሲሉ ወደ ሱቁ ይመለሳሉ፤ የዚህም ንግድ ዘላቂ ትርፍ የሚገኘው ከእነዚሁ ተመላሾች መሆኑን ለክቡራን አንባቢዎቻችን እናሳስባለን።