ራስን ማጥፋትና የሥራ ጫና በፋይናንስ ዘርፍ

በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በአክሲዮን ገበያና በመሰል ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች የሚገጥማቸው የሥራ ጫና ከአእምሮ ጤና እና ራስን ከማጥፋት ጋር ያለው ግንኙነት በኅብረተሰብ ጤና፣ በሥነ ልቦናና በሶሲዮሎጂ የሚጠና ጉዳይ ነው። በጉዳዩ ላይ ሁለት እውነታዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። በአንድ በኩል የፋይናንስ ሠራተኞች ራስን በማጥፋት ብዛት ከሙያዎች ሁሉ ቀዳሚ አይደሉም። በሌላ በኩል በተለይ በኢንቨስትመንት ባንኮች ጀማሪ ሠራተኞች ላይ ያለው የሥራ ሰዓት ብዛት ጤናን እንደሚጎዳ በሚገባ ታውቋል። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ1929 ቀውስ እና ወሬው

በጥቅምት 1929 የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ሲወድቅ የዎል ስትሪት ነጋዴዎችና የባንክ ሰዎች በብዛት ራሳቸውን አጠፉ የሚል ወሬ ተሰራጨ። ወሬው በጋዜጣና በቀልድ እየተደጋገመ እስከ ዛሬ እንደ ታሪክ ይነገራል። ኢኮኖሚስቱ ጆን ኬነዝ ጋልብሬዝ ግን በ1950ዎቹ ስለ ቀውሱ በጻፈው መጽሐፍ የሞት መዝገቦችን መርምሮ በጥቅምትና በኅዳር 1929 በአሜሪካ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ቁጥር ከዚያው ዓመት የበጋ ወራት ያነሰ እንደነበረ አሳይቷል።

ይህ ማለት አንድም ሰው አልሞተም ማለት አይደለም። የካውንቲ ትረስት ባንክ ፕሬዚዳንት ጄምስ ሪዮርዳን በኅዳር 1929 ራሱን አጥፍቷል። ደንበኞች ደንግጠው ገንዘባቸውን ለማውጣት እንዳይሯሯጡ ዜናው ባንኩ እስኪዘጋ ድረስ ተይዞ ቆይቷል። በአሜሪካ ራስን የማጥፋት ቁጥር ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1932፣ ሥራ አጥነት በመላ አገሪቱ በተስፋፋበት ጊዜ ነው። በቀውሱ የተጎዱት በአብዛኛው ከዎል ስትሪት ርቀው የሚኖሩ፣ ሥራቸውንና ቤታቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ።

ተመሳሳይ ነገር ከ2008 የፋይናንስ ቀውስ በኋላም ታይቷል። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ከ2008 እስከ 2010 በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከወትሮው በላይ ቢያንስ 10,000 ሰዎች ራሳቸውን እንዳጠፉ ገምቷል። ጥናቱ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል ሥራ ማጣት፣ ዕዳና የቤት መወረስ ይገኛሉ።

የዱርኬም ማብራሪያ

ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኤሚል ዱርኬም በ1897 ራስን ስለ ማጥፋት ባሳተመው ሥራ የ1873 የቪየና የፋይናንስ ቀውስን እንደ ምሳሌ ወስዷል። በቀውሱ ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ሆኖም ዱርኬም ድንገተኛ ብልጽግና በመጣባቸው ጊዜያትም ቁጥሩ እንደሚጨምር አስተዋለ። ስለዚህ ድህነት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም አለ። በእርሱ አስተያየት ሰውን የሚያናጋው የኑሮ ሥርዓት ድንገት መለወጡና ፍላጎት ልክ ማጣቱ ነው። ይህን ሁኔታ አኖሚ ብሎ ጠርቶታል። በዚህ ዘርፍ ገቢና ክብር በአንድ ዓመት ውስጥ እጅግ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል የዱርኬም ሐሳብ አሁንም ለጉዳዩ ማብራሪያ ሆኖ ያገለግላል።

የሥራው ባሕርይ

ጫናው በሁሉም የዘርፉ ሥራዎች አንድ ዓይነት አይደለም። በቅርንጫፍ ባንክ የሚሠራ ገንዘብ ከፋይ ጭንቀቱ የሚመጣው ከሒሳብ ጉድለት፣ ከወረፋና ከተቀማጭ ገንዘብ የማሰባሰብ ግዴታ ነው። አክሲዮን ሻጭና ገዥ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍተኛ ገንዘብ ሊያከስር ይችላል። ረጅም የሥራ ሰዓት ይበልጥ የሚታየው የኩባንያ ግዢንና ውህደትን በሚያማክሩ የኢንቨስትመንት ባንኮች ነው።

በእነዚህ ባንኮች ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ጀማሪዎች ለደንበኛ የሚቀርቡ ሰነዶችንና የሒሳብ ሠንጠረዦችን ያዘጋጃሉ። ቀን ላይ የበላይ ኃላፊው ደንበኛ ሲያነጋግር ይውላል፤ እርማቱ ማታ ይመጣል፤ ሰነዱ ደግሞ ለነገ ጠዋት ይፈለጋል። ከዓመቱ ገቢ ትልቅ ድርሻ ያለው በዓመቱ መጨረሻ የሚታወቅ ቦነስ በመሆኑ ሠራተኛው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ደክሞኛል ወይም ታምሜያለሁ ማለት እንደ ድክመት እንዳይቆጠርበትም ይፈራል።

በ2021 የጎልድማን ሳክስ 13 የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኞች ራሳቸው ያዘጋጁት መጠይቅ ይፋ ወጥቶ ነበር። በመጠይቁ መሠረት በሳምንት በአማካይ 95 ሰዓት ይሠሩ፣ በሌሊት 5 ሰዓት ይተኙ ነበር። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ 95 የሥራ እና 35 የእንቅልፍ ሰዓት ሲቀነስ ለምግብ፣ ለመንገድ፣ ለቤተሰብና ለጓደኛ በጠቅላላው 38 ሰዓት ይቀራል። ሠራተኞቹ የአእምሮ ጤናቸውን ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ከ10 ለ8.8፣ ከጀመሩ በኋላ ለ2.8 ነጥብ ሰጥተዋል። መላሾቹ ጥቂት በመሆናቸው ውጤቱ ስለ ዘርፉ ሁሉ አይናገርም፤ ነገር ግን ብዙ ባንኮች ስለ ሥራ ሰዓት እንዲነጋገሩ አድርጓል።

በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሚሼል በሁለት የዎል ስትሪት ባንኮች የሚሠሩ ሰዎችን ለዘጠኝ ዓመታት ተከታትላ ውጤቱን በ2011 አሳትማለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኞቹ ድካምን ችላ ብለው ሰውነታቸውን እንደ መሣሪያ ይጠቀሙበት ነበር። ከአራተኛው ዓመት ገደማ ጀምሮ በብዙዎቹ ላይ እንቅልፍ ማጣት፣ ሱስና ልዩ ልዩ ሕመሞች ታዩ። ከፊሎቹ ግን የሰውነታቸውን ስሜት ማዳመጥ ሲጀምሩ ጤናቸው ብቻ ሳይሆን የሥራቸው ጥራትም ተሻሽሏል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ግምት በ2016 በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ለ745,000 ሰዎች በስትሮክና በልብ ሕመም መሞት ምክንያት ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሥራ የሚመጣ ሥር የሰደደ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ ግን አላለውም። መዛል ካልታረመ ከድባቴ ጋር ሊጣመር ይችላል። ድባቴ ደግሞ ራስን ለማጥፋት ከሚያጋልጡ ዋና ዋና ሁኔታዎች አንዱ ነው።

ቁጥሮቹ የሚያሳዩት

በ2016 በ32 የአሜሪካ ግዛቶች በተሰበሰበ መረጃ በወንዶች ዘንድ ከፍተኛው ቁጥር የተመዘገበው በግንባታና በማዕድን ማውጣት ሠራተኞች ላይ ሲሆን፣ ከ100,000 ሰዎች 49.4 ነበር። በእንግሊዝ ከ2011 እስከ 2015 ያለው መረጃ ደግሞ የኩባንያ ሥራ አስኪያጆችና ዳይሬክተሮች ከሌላው ሕዝብ ከ70 በመቶ በላይ ዝቅተኛ ሥጋት እንዳለባቸው አሳይቷል። ጥሩ ገቢና ሕክምና የማግኘት ዕድል ለዚህ አስተዋጽኦ ሊኖራቸው ይችላል። ይሁን እንጂ አማካይ ቁጥር ሥራቸውን ድንገት ያጡትን ወይም በአንድ ክፍል ውስጥ የሚሠቃዩ ጀማሪዎችን ለይቶ አያሳይም።

ስለዚህ የአንድን ሰው ሞት ከሥራው ጋር ብቻ ማያያዝ ስሕተት ነው። በ2013 በለንደን በአንድ ባንክ የሚለማመድ ወጣት ለሦስት ቀን ያህል ሳይተኛ ሠርቷል ከተባለ በኋላ ሞቶ ተገኘ። ምርመራው የሞቱ ምክንያት የሚጥል በሽታ መሆኑን አረጋገጠ፤ መርማሪው ድካም አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ቢችልም በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ገለጹ። ራስን ማጥፋትም ብዙውን ጊዜ የሕመም፣ የኀዘን፣ የዕዳ፣ የብቸኝነትና የሥራ ችግሮች ተደራርበው የሚያመጡት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጋዜጠኞች ምክንያቱን በአንድ ነገር እንዳያጠቃልሉና የአሟሟቱን ዝርዝር እንዳያወጡ የሚመክረው፣ እንዲህ ያለ ዘገባ ሌሎች ተጋላጮችን ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

ሕግ እና የባንኮች ርምጃ

በብሪታንያ በ1998 የወጣው ደንብ የሳምንት ሥራን በአማካይ በ48 ሰዓት ይወስናል፤ ነገር ግን ሠራተኛው ፈርሞ ከገደቡ መውጣት ይችላል። በአሜሪካ በ1938 የወጣው የሥራ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቢያዝም፣ በደመወዝ የሚተዳደሩ ብዙ ባለሙያዎችን አይጨምርም። ጃፓን ከሥራ ብዛት ለሚመጣ ሞት “ካሮሺ”፣ ከሥራ ብዛት ራስን ለማጥፋት ደግሞ “ካሮጂሳትሱ” የሚል ስም አላት። የእነዚህ ሟቾች ቤተሰቦች እንደ ሥራ ላይ አደጋ ካሳ ሊያገኙ ይችላሉ። በ2014 ካሮሺን ለመከላከል ሕግ ወጥቷል።

ባንኮችም የራሳቸውን ደንብ አውጥተዋል። ጎልድማን ሳክስ ከ2013 ጀምሮ ጀማሪዎች ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ጠዋት ቢሮ እንዳይገቡ ደነገገ፤ በ2015 ደግሞ የበጋ ተለማማጆች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢሮ እንዳያድሩ ከለከለ። ጄፒ ሞርጋን ቼዝ በ2024 የጀማሪዎችን ሳምንታዊ ሥራ በአብዛኛው በ80 ሰዓት ወሰነ። የ2021ዱ መጠይቅ የወጣው የቅዳሜው ደንብ ከተደነገገ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። የሥራው መጠንና የማድረሻው ቀን ካልተለወጠ የሰዓት ገደብ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መከላከል እና እርዳታ

ራስን ማጥፋት መከላከል የሚቻል ነገር ነው። ተስፋ መቁረጥን ወይም ለሌሎች ሸክም መሆንን ደጋግሞ መናገር፣ ከሰው መራቅ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥ ማብዛትና ንብረትን ማከፋፈል የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ አንድን ሰው በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይልቁንም የመናገር ዕድል ይሰጠዋል። ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ ማዳመጥና ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። በሥራ ቦታ ደግሞ አለቆች የሥራውን መጠን መቀነስና ሕክምና የጠየቀ ሠራተኛ ዕድገቱ እንደማይነካ በተግባር ማሳየት አለባቸው።

በአሜሪካ በ988፣ በብሪታንያ በ116 123 ስልክ በማንኛውም ሰዓት እርዳታ ይገኛል። በኢትዮጵያ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይቻላል፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ልዩ አገልግሎት ይሰጣል።